ለጥምቀት ሳይሆን ለነሐሴ ነይ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ ጉሙ ጠዋት ጠዋት ከቤት አያስወጣም፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ያው ሐምሌን ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ስትደውዪ ለጥምቀት ከጓደኞችሽ ጋር ሐይቅ ከተማ እንደምትመጪ ነግረሽኝ "እማ፣ ከአሁኑ ክፍል ያዢልን" ብለሽኝ ነበር። እሺ ብዬ ሐሙስ ዕለት ከአባትሽ ጋር ሄድን። ሐሙስን የመረጥነው ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ነው፤ ሐይቅ ድረስ ተኪዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ አይሆንልኝም። ክፍሉን ግን አልያዝኩልሽም። እንዳትቆጪ፣ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ሐይቁን ከ2014 ወዲህ አላየሁትም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እግሬ እምቢ ብሎኝ ቆየ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ጉሙ እየሳሳ ሄደ፣ ከተማው ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ከዚያ ባጃጅ ይዘን ወደ ውሃው።

ያ በበዓል መቀመጫ የሚጠፋበት ግቢ ትዝ ይልሻል? ባለፈው ስትመጪ ሙዚቃው ከአራት አቅጣጫ እየጮኸ ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ የገጠምንበት? ወንበሮቹ ተደራርበው ላስቲክ ለብሰዋል። ጥበቃው ጃንጥላ ይዞ እስከ በሩ መጥቶ ተቀበለን። ከእኛ ሌላ እንግዳ አልነበረም። የክፍሉን ዋጋ ስጠይቅ ለጥምቀት ከሚሉት ግማሹን ነገሩኝ። እውነቱን ለመናገር ሙቅ ውሃው አይሠራም ነበር፣ መብራትም ሁለት ጊዜ ጠፋ። ግን ማን ልብ አለው።

ከሰዓት ዝናቡ ከማዶ ተነሳ። መጀመሪያ ተራራው ጠፋ። ቀጥሎ ውሃው ላይ ነጭ መስመር ታየ፣ እየሰፋ እየሰፋ ወደ እኛ መጣ፤ ድምፁ ቀድሞ ደረሰና ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ዳር ላይ ያሉት ይብራዎች ንቅንቅ አላሉም፣ አንገታቸውን ክንፋቸው ውስጥ ከትተው ዝም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ በሚገባበት በኩል ውሃው ደፍርሶ ሻይ በወተት መስሏል፣ መሃሉ ግን ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። በበጋ ስትመጪ ይሄን ሁሉ አታይም፣ ሰው ሰው ነው የምታዪው።

ዓሣውን አንድ ልጅ ከታንኳ አውርዶ እዚያው ፊታችን ላጠው። ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ሲገፋው ክንዱ ላይ ሁሉ ተለጥፎ ያብለጨልጭ ነበር። ቆሮሶ ነው። ድሮም የነበረ እንዳይመስልሽ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው አምጥተው እዚህ ሐይቅ የጨመሩት። እናቴ በልጅነቷ አላወቀችውም። የምታበስለዋ ሴትዮ ጠብሳ ካቀረበች በኋላ ሥራ ስላልነበራት አጠገቤ ተቀምጣ ቡና አፈላች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጣን። ልጇ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፣ ውጤት እየጠበቀ ነው። በበዓል ቢሆን ይቺ ሴት ቀና ብላ እንኳ አታየኝም ነበር፣ አይፈረድባትም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አባትሽ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ገባ፣ እኔ ውጭ ዛፍ ሥር ቀረሁ፣ ሴት አትገባማ። ድሮ ደሴት ነበር፣ ውሃው ሸሽቶ ነው ዛሬ በእግር የሚኬደው። አባትሽ እንደወጣ ወሬው አላልቅ አለ። እንግዳ ስለሌለ አንድ አባት ጊዜ ሰጥተው አጫውተውታል፦ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መጥተው ገዳሙን እንዳቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ከሳቸው ሥር እንደተማሩ፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ያለበት ወንጌላቸው እስከ ዛሬ እዚያው እንዳለ።

እኔ ግን ዛፉ ሥር ሆኜ እናቴ የነገረችኝን ነበር የማስበው። ድሮ ይሄ ሁሉ የብስ ነበር ይባላል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፣ አምላክ ተቆጣና ምድሩን ውሃ አደረገው፣ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ተረፈች፣ እሷው ናት ደሴቲቱ። አየሽ፣ ያቺ መሬት ለአንዲት ሴት ተብላ የተረፈች ናት። ሥርዓቱን አልቃወምም፣ ከውጭም ይጸለያል። ግን አንቺን የሰባት ወር እርጉዝ ሆኜ እዚያው ዳር ተቀምጬ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ያኔ በጣም ፈርቼ ነበር፣ እና ውሃውን እያየሁ ይቺ ልጅ በሰላም ትውጣልኝ አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ ፈልጌ አንድም ቀን ጸጥ ያለ ሰዓት አላገኘንም። በስልክ አይነገርም። በጥምቀት ግርግርም አይነገርም።

ስለዚህ ለነሐሴ ነይልኝ። ፍልሰታ በ16 ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሜና እሁድ አስፈቅጂ። ጫማሽ ጭቃ የሚችል ይሁን፣ ያ ነጩ አይሆንም። ለማታ ወፍራም ነገር ያዢ። ጀልባ ካማረሽ ጠዋት ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል ብሎኛል ባለጀልባው። ጓደኞችሽን ለጥምቀት ታመጫቸዋለሽ፣ ያኔ ክፍሉን እኔው እይዛለሁ።

ቀኑን ቁረጪና ደውዪልኝ። ቡና ያፈላችልኝን ሴትዮ ከልጄ ጋር እመለሳለሁ ብያታለሁ።

እናትሽ