መሀል ወንበር ላይ የነበረውስ ሰው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንዴት ናችሁ። የየካቲት 26ን የካራማራ በዓል አስመልክታችሁ ያወጣችሁትን ልጄ ከስልኳ አነበበችልኝ (አይኔ ደክሟል፣ ደቃቅ ፊደል አይሆንልኝም)። ስለ ጄት አብራሪዎቹ የተባለው ሁሉ ይገባቸዋል፣ አንድ ቃል አልቀንስም። ሄሊኮፕተር ላይ ስትደርሱ ግን ሁለት መስመር ጽፋችሁ አለፋችሁ፣ እሷም ላይ አብራሪው ብቻውን ቁስለኞቹን አወጣ ትላለች። ብቻውን? ኧረ በአላህ! ኤም አይ-8 ሄሊኮፕተርን ብቻውን ይዟት ግንባር የሚሄድ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሁለቱ አብራሪዎች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ መሀላቸው በሩ አፍ ላይ ትንሽ ታጣፊ ወንበር አለች፣ እሷ ላይ ቴክኒሻኑ ይቀመጣል። እኔ የዛች ወንበር ሰው ነኝ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ካራማራ ላይ አልነበርኩም፣ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ አየር ኃይል የገባሁት ከዛ በኋላ ነው። የኔ አብራሪ፣ ሻምበል፣ ግን በዛ ጦርነት ምስራቅ ነበር፣ እነዛ ትላልቆቹ ኤም አይ-6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ በሆዳቸው ይዘው ተራራውን ተሻግረው ከሶማሊያ ጦር ጀርባ ሲያወርዱ የነበረውን ነገር ሲያወራ እጁ ሁሉ ይበር ነበር። ስለሱ እንኳ ምንም አላላችሁም። ጅጅጋ በጄት ብቻ አልተመለሰችም።

የቴክኒሻን ስራ ምንድነው ካላችሁ መስማት ነው። አብራሪው ውጭ ውጭውን ያያል፣ እኔ ሞተሮቹን እሰማለሁ፣ የማርሽ ሳጥኑን እሰማለሁ፣ ዘይቱን ሙቀቱን አያለሁ፣ ወንበሬ ስትንቀጠቀጥ አምስቱ የላይ ምላጮች (የሚሽከረከሩት ክንፎቿ) ልክ መሆን አለመሆናቸውን በመቀመጫዬ አውቃለሁ (ትስቁ ይሆናል ግን እውነት ነው)። አንድ ቀን ሰሜን ግንባር ቁስለኛ ጭነን ስንነሳ ጭራው በኩል ጧ አለ፣ ጌጆቹ ላይ ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው የሚሉት፣ ድምጿ ግን ተለወጠብኝ። ሻምበል ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ ፊቴን ብቻ አይቶ መሪውን ወደታች ገፋና የደረቀ ወንዝ ውስጥ አሳረፋት። ወርደን ስናይ ጥይት የጭራውን ዘንግ ሽፋን በስቶ ገብቷል፣ ትንሽ ብንቆይ ኖሮ ዛሬ ይቺን ደብዳቤ የሚያጽፍ አይኖርም ነበር። እስከ ዛሬ ስልክ ሲደውል «ያ ፊትህ እንዴት ነው?» ነው የሚለኝ፣ ጤናዬን የሚጠይቀው በዚህ ነው።

የሄሊኮፕተሯ ወረቀት ላይ 12 ቃሬዛ ትይዛለች ይላል። አስራ ሁለት ብቻ ጭነን የተነሳንበትን ቀን አላስታውስም፣ ወለሉ ላይም ነበሩ፣ ተቀምጠውም ነበሩ። ማታ ወለሉን የምናጥበው እኛው ነን። ይሄን ልተወው።

እኔን ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝ ግን ጦርነቱ ብቻ አይደለም፣ 77 ነው። በ1977 ወሎ ሲራብ ሶቪየቶች 24 ኤም አይ-8 ላኩ፣ ፖላንዶችም የራሳቸውን ይዘው መጡ፣ እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን በትልልቅ አውሮፕላን ዝቅ ብለው እህል ሲጥሉ ፖላንዶቹ ቀድመው በሄሊኮፕተር ወርደው ቦታውን ያዘጋጁ ነበር። በዛ ዘመን እኮ ምስራቅና ምዕራብ ሚሳይል ደግነው ነው የሚተያዩት፣ እኛ ሰማይ ላይ ግን አንድ ማሳ ላይ ይሰሩ ነበር። ይሄን የሚጽፍ ሰው ለምን እንደጠፋ አላቅም።

እኛም ስንዴ እንድናመላልስ ታዘዝን። ወረቀቱ 4 ቶን ይላል፣ ያ ግን ለቆላ ነው፣ ደሴ እራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ላስታ በኩል ደግሞ ይብሳል፣ አየሩ ስስ ነው፣ ምላጩ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ ረፋድ ላይ ሙቀት ሲጨመር ጭራሽ አትነሳም። ስለዚህ ከግማሽ ብዙም አናሳልፍም። እኔ ደግሞ ጆንያ ቀንሱ የምለው ሰው ነኝ። የሀገሬ ሰው ታች በረሀብ እያለቀ እኔ እላይ ሆኜ ሂሳብ እየሰራሁ ሶስት ጆንያ አውርዱ፣ አምስት አውርዱ እላለሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሻምበል የጎጃም ሰው ነው፣ እኔ እስላም እሱ ክርስቲያን፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «አብሽር» አለኝ፣ ከኔ የለመዳት ቃል ናት፣ በሱ አፍ ስሰማት አለቀስኩ።

በማግስቱ አንድ ሰፈር ልናርፍ ስንል ህዝቡ ወጥቶ ይጠብቀናል። የሄሊኮፕተር ንፋስ ጤነኛ ሰው ይጥላል፣ እነሱ ደግሞ አጥንት ብቻ ናቸው። ከላይ ሳይ አንዲት እናት ነጠላቸው ተገፎ ሄደ፣ እሳቸውም ተንበረከኩ። ሻምበል ወዲያው አንስቶ ከኮረብታው ማዶ ወስዶ አሳረፋት። ከዛ ሶስታችንም፣ ሻምበሉም ረዳት አብራሪውም እኔም፣ ከወታደሮቹ ጋር ሆነን ስንዴውን በትከሻ ኮረብታውን አሻገርን። አብራሪ ጆንያ ሲሸከም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ የሐረር ልጅ ነበር፣ ቀጭን፣ በየመሀሉ እየተቀመጠ ሩሲያዎቹን ይሳደባል፣ ሩሲያዎቹ ምን እንዳደረጉት እንጃ።

በ83 ሰራዊቱ ሲበተን እኛም ተበተንን። የደርግ ወታደር ተባልን፣ እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገባሁ፣ የሐረሩ ልጅ አሰብ መስመር ከባድ መኪና ነዳ፣ ሻምበል ደብረ ዘይት ቀረ። ስልክ በሌለበት ዘመን እንኳ በሹፌር እጅ ደብዳቤ እንላላክ ነበር። አሁን አርብ አርብ ይደውላል፣ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚደውለው፣ ሰዓቷን ያውቃታል። የሐረሩ ልጅ ሲሞት ሁለታችንም ሄደን ቀበርነው፣ ልጆቹ አያውቁንም ነበር፣ ፎቶው ላይ አይተው ነው የለዩን፣ ሶስታችን የሄሊኮፕተሯ በር ላይ ቆመን የተነሳናት ናት።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኔ ከሚስቴና ከልጅ ልጆቼ ጋር በእግር ነው የወጣሁት። ስልኬ ላይ ያለው ባትሪ ሊያልቅ ሲል አንድ ቁጥር ብቻ ደወልኩ። «ስንት ናችሁ?» አለኝ፣ ሰባት አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ደብረ ዘይት ስንደርስ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ሰውዬ ሳሎኑን ባዶ አድርጎ ሰባት ፍራሽ አንጥፎ ጠበቀን፣ ባለቤቱ ለኛ ብለው አዲስ ድስት ገዝተዋል፣ ስጋውንም ከእስላም ቤት አስመጥተዋል። ወር ከምናምን ተቀመጥን። ህዳር ማብቂያ ላይ ደሴ ነፃ ስትወጣ ልመለስ ስል «ምን ያስቸኩልሃል፣ ሞተሩ ይሙቅ» አለኝ።

እንግዲህ አዘጋጅ ሆይ፣ አልተቆጣሁም፣ ግን ማረሚያ አውጡልኝ፣ ብቻውን የምትለዋን አንሷት። ከዛ ደግሞ ጋዜጠኛ ላኩ። እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን የቀድሞ የሄሊኮፕተር ሰዎች፣ ቴክኒሻኑ፣ ጫኙ፣ አንድ የህክምና ረዳትም አለ፣ የወሩ መጨረሻ እሁድ ቡና እንጠጣለን። ስንጀምር አስራ አንድ ነበርን፣ አሁን አራት ነን፣ አንደኛው ጆሮው ስለማይሰማ ጮክ ብላችሁ ጠይቁት፣ የሞተር ድምጽ ነው የበላው። ሻምበልንም ለግንቦቱ እሁድ ጠርቼዋለሁ፣ አውቶቡስ አልወድም ብሎ እያንገራገረ ነው፣ ግን ይመጣል። ከበረካው በፊት ድረሱ፣ እሱ ከበረካ በኋላ ይተኛል።

የቀድሞ የበረራ ቴክኒሻን፣ ከደሴ