ኪሱን ፈትሺ

ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ኦክስፎርድ ከገባሽ ገና ሦስት ሳምንትሽ ነው። ወንድምሽ ክፍልሽን አይቶ መጥቶ የነገረኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመንገድ ዳር፣ ከማታውቂው ሰው፣ በ5 ፓውንድ ገዝተሻል አለኝ። ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ! ዛሬውኑ ንቀዪውና ጣዪው።

ልባሽ አትግዢ ማለቴ አይደለም። አንቺንም ወንድምሽንም ያሳደግኳችሁ በቻሪቲ ሾፕ፣ በበጎ አድራጎት ሱቅ ልብስ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡት ቻሪቲዎች ግን አስመርምረው ነው የሚሸጡት። ምልክቱ ተለጥፎበታል፣ እሱን እዪ። ሶፋ ከሆነ የእሳት ደህንነት መለያው መኖሩን እዪ። ልብስ ከሆነ ደግሞ ኪሱን ፈትሺ። ከፍለሽ ከመውጣትሽ በፊት፣ እዚያው ሻጯ ፊት።

ያለሽበት ከተማ እኮ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ የኦክስፋም አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ጦርነቱ መሀል፣ ለተራቡት የግሪክ ሰዎች እህል ይግባላቸው ብለው የተነሱት እዚያ ነው። ብሮድ ስትሪት ያለውን ሱቃቸውን ሳታዪ እንዳትመጪ። በ77ቱ ድርቅ ለእኛም ሰው ደርሰዋል። ስለዚህ ዋጋ አትከራከሪ፣ ምናለሽ ተራ አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ስንዞር ትዝ ይልሻል? አንቺ መጻሕፍቱ ስር ቁጭ ትያለሽ፣ እኔ ሲኒ አገላብጣለሁ። እነዚያን ስድስት ሲኒዎች በ2 ፓውንድ ያገኘናቸው ቀን ስንት ጊዜ ቡና አፈላን! ሲኒ ስትገዢ በጥፍርሽ መታ መታ አድርጊው። ድምፁ ጥርት ካላለ ተሰንጥቋል። የብር ማንኪያ ካየሽ ከጀርባው የሚራመድ አንበሳ ፈልጊ፣ የእንግሊዝ እውነተኛ ብር ምልክቱ እሱ ነው። የሱፍ ልብስ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ እዪ፣ ብል የበላው ያኔ ይታያል። ብብቱን እዪ። ዚፑን ሞክሪ። ኪሱን ፈትሺ።

ኪስ ኪስ የምለው ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም።

እንግሊዝ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ በ1996 ክረምት፣ ያንን ሰማያዊ ካፖርት በ6 ፓውንድ ገዛሁ። ቤት ገብቼ እጄን ውስጥ ኪሱ ስከት መሐረብ ተቋጥሮ አገኘሁ። ስፈታው የሴት የጋብቻ ቀለበት ነው። ውስጡ 375 ይላል። ወርቅ ነው ማለት ነው። ያን ሳምንት ደግሞ አያትሽ ታመው ከአዲስ አበባ ተደውሎልኛል። እጄ ላይ 11 ፓውንድ ነበረኝ። በማግስቱ ቀለበቱን ወርቅ ቤት ወሰድኩት። 40 ፓውንድ ሰጡኝ። ሰው አገኘሁና ላክሁላቸው።

አያትሽ እስኪያርፉ ድረስ «ልጄ በላከችው ብር ድኜ» ሲሉ የሰማሽው ብር ይሄ ነው።

ከወር በኋላ እዚያው ሱቅ ተመልሼ ገባሁ። ገንዘብ መቀበያው አጠገብ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። የጻፈችው እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት። የእናቷን ልብሶች በሐዘን ጥድፊያ ሰብስባ ሰጥታ፣ ቀለበቱን በኋላ ነው ያጣችው። ሰማያዊ ካፖርት ይላል። ያኔ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፤ ይሄን ግን ቃል በቃል ገባኝ። ካፖርቱን ለብሼው ነበር። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ኋላ ገንዘብ ሳገኝ 40 ፓውንዱን የመዋጮ ሳጥናቸው ውስጥ ከተትኩ። ቀለበቱ ግን የለም። ዛሬ ሱቁም የለም።

አባትሽ እንኳ ይሄን አያውቅም። አንቺም አትንገሪው፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

ሻጯ ፊት ፈትሺ የምልሽ ለዚህ ነው። እዚያው ብፈትሸው ኖሮ እሰጣት ነበር። ቤት ከገባ በኋላ ችግር አብሮ ይቆጥራል። ስትሰጪም እንደዚያው፣ ከረጢቱን ከማሰርሽ በፊት የእያንዳንዱን ኪስ ፈትሺ። አሁን ግብር ከፋይ ስለሆንሽ ስትሰጪ የ«ጊፍት ኤይድ» ቅጹን ፈርሚላቸው፤ ዕቃሽ ከተሸጠበት ከእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምርላቸዋል።

በርበሬና ሽሮ ቋጥሬልሻለሁ፣ ቅዳሜ ስትመጪ ባዶ ሻንጣ ያዢ። ማሞቂያም እኔ እገዛልሻለሁ። እስከዚያ ሁለት ካልሲ ደርበሽ ተኚ። ካፖርቱንም ውሰጂው፣ ለኦክስፎርድ ብርድ ይሆናል። ውስጥ ኪሱ ተቀዶ ነበር፣ ትናንት ማታ ሰፍቼዋለሁ።

እናትሽ