ለደንበኞቻችን፦ በጎቹን ለምን 21 ቀን እንደምናቆያቸው

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱስ እንዴት አለፈ? ከመስከረም ወዲህ ስልካችን በአንድ ጥያቄ ተጨናንቋል። «አውራው ተገዝቷል፣ ቀብዱን ከፍያለሁ፣ ታዲያ ለምን አልወስደውም?» ከሞላሌም፣ ከሰላ ድንጋይም፣ ከደብረ ሲናም የሚደወለው ያው ነው። «21 ቀን መቆየት አለበት» ብሎ ስልክ መዝጋት ደግሞ ለእናንተ አይመጥንም። ስለዚህ ረዘም አድርገን ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

መጀመሪያ እኛ ጋ ያለውን እንንገራችሁ። ከገበያም ሆነ ከገበሬ ደጅ የገዛነው በግ በቀጥታ ወደ ዋናው በረት አይገባም። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ለብቻው የታጠረ በረት አለ፣ እዚያ ይቆያል። የሚጠብቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው። ቦቲው፣ ባልዲው፣ አካፋው የዚያው በረት ናቸው፤ ወደ ሌላ በረት አይሻገሩም። በሩ ላይ በረኪና የተነከረ ጆንያ ተዘርግቷል፣ የገባም የወጣም ይረግጠዋል። ጠዋትና ማታ የእያንዳንዱ በግ ዓይን፣ አፍንጫና በጠጥ ይታያል። በመሃል አዲስ በግ ከተቀላቀለ ለሁሉም ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ብዙዎቻችሁን የሚያናድደው ይህ የመጨረሻው ነው፣ እናውቃለን።

አምና ግንቦት ላይ ይህን ደንብ ራሳችን ጣስነው። አንድ ደንበኛችን መኪና አግኝቻለሁ፣ ሌላ ቀን አላገኝም ብሎ ለመነን። በጎቹ ገና ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። ደህና ይመስሉ ነበር፣ ይበሉ ነበር። ሦስቱን ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን ደወለ። አንዱ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፍንጫው ይዝረበረባል አለ። ስንደርስ ከንፈሩ ቆስሎ፣ ጅራቱ ሥር በተቅማጥ ረጥቦ አገኘነው። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው ተባለ። ሰውዬው ከራሱ መንጋ አሥራ አንድ በግ ሞተበት። ካሳውን ከፍለናል፣ ዛሬም ደንበኛችን ነው። ያን ቀን ግን ደጁ ላይ ቆመን ዓይኑን ማየት ከብዶን ነበር።

21 ቀን ከየት መጣ? ከእኛ አይደለም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በደንቡ ለዚህ በሽታ የያዘው ከፍተኛው የመታቀፊያ ጊዜ ነው። ተሐዋሲው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይታያል፤ የዘገየውም እንዳያመልጥ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። ለበግና ፍየል ፈንጣጣም ቁጥሩ ያው 21 ነው።

ነገሩ ግን ከበግ በፊት በሰው ነው የተጀመረው። (ከዚህ በታች የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።) በ1377 ራጉሳ የምትባል የአድሪያቲክ ባሕር የወደብ ከተማ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ ማለት ነው፣ አንድ ሕግ አወጣች። ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው 30 ቀን ከከተማዋ ውጭ ሳይቆይ አይገባም አለች። ወደቡን ዝጉት አላለችም፤ ከተማዋ የምትኖረው በንግድ ነውና። ቆይተህ ግባ ነው ያለችው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ቀኑ ወደ 40 ከፍ አለ። «ኳራንቲን» የሚለው ቃል የመጣው አርባ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። አርባ ቀን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው፣ ጌታም የጾመው አርባ ቀን ነው። ቬኒስ በ1423 ለታመሙት አንድ ደሴት ለየች። በ1468 ደግሞ ከውጭ ለሚመጡ መርከቦች ሌላ ደሴት ጨመረች። በዚያን ዘመን ተሐዋሲ የሚባል ነገር የሚያውቅ አልነበረም፤ በልምድ ብቻ መጠበቅን አወቁ።

ሳይጠብቁ የቀሩትስ? በግንቦት 1720 ግራን ሴንት አንትዋን የተባለች መርከብ ከሶርያ ጠረፍ ሐርና ጥጥ ጭና የፈረንሳይ ወደብ ማርሴይ ደረሰች። በመንገድ ላይ ሰው ሞቶባታል። ጭነቱ ግን ሐምሌ ላይ ለሚቆመው ለቦኬር ታላቅ ገበያ ይፈለግ ነበር። ከከተማዋ ሹሞች አንዱም ከዕቃው ድርሻ ነበረው። ቆይታው ላላ፣ ዕቃው ወጣ። በዚያ ወረርሽኝ በማርሴይና በዙሪያዋ 100,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ለአንድ ገበያ ቀን ብለው ነው። ለበዓል ገበያ ቶሎ ስጡን ስትሉን ትዝ የሚለን ይህ ታሪክ ነው።

አገሮች በዚህ የማቆያ ደንብ እስኪስማሙ ብዙ ዘመን ፈጀ። በ1851 ፓሪስ ላይ 12 መንግሥታት አንዳንድ ሐኪምና አንዳንድ ዲፕሎማት ልከው ለወራት ተከራከሩ፤ ኮሌራ አውሮፓን እየደጋገመ ያጠቃ ነበር። ሐኪሞቹ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ አልተስማሙም፣ ነጋዴ አገሮችም መርከባቸው እንዲቆም አልፈለጉም። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተና መንገዱ አጠረ። የመጀመሪያው በሥራ ላይ የዋለ ስምምነት የተገኘው በ1892 ቬኒስ ላይ ነው፣ በስዊዝ ስለሚያልፉ መርከቦች። 41 ዓመት ሙሉ ወሰደባቸው።

በዚያው መሃል እኛ ቤት ምን ሆነ? በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ ወደብ ባስገቧቸው ከብቶች የደስታ በሽታ ገባ። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት እሱን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.። በሬ አለቀ፣ እርሻ ቆመ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ ይባላል። በሽታው ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ ወርዶ በአሥር ዓመት ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ከብቶቹ ወደቡ ላይ ለይቶ ማቆያ ገብተው ቢሆን ኖሮ ብለን ዛሬም እናስባለን፤ ይህን ስንጽፍም ልባችን ያዝናል።

በ1920 ያው በሽታ ቤልጂየም ገባ። ከሕንድ ወደ ብራዚል የሚሄዱ ከብቶች አንትወርፕ ወደብ ላይ ሲያርፉ ነው ያስገቡት። በዚህ ደንግጠው 28 አገሮች ጥር 25 ቀን 1924 የእንስሳት ጤና ድርጅቱን መሠረቱ። ከዓለም ጤና ድርጅት በ24 ዓመት ይበልጣል። የደስታ በሽታም በ2011 ከምድር ጠፋ ተብሎ ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ተሐዋሲው ዛሬ የሚቀመጠው በጥቂት የተፈቀደላቸው ቤተ ሙከራዎች ነው፤ ከነዚህ አንዱ እዚሁ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው።

አሁን ዋናውን እንንገራችሁ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ የከበደው ቀን መቁጠሩ ሳይሆን መናገሩ ነው። በሽታ አለብኝ ያለ ወደብ መርከብ ያጣል። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው የከብትና የሰው በሽታ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው ከብት ታገደ፣ አርብቶ አደሩ ገበያ አጣ። ይህን ያየ ሰው ቢደብቅ አይገርምም። ስለዚህ ነው በ2005 የተሻሻለው የዓለም አቀፍ ጤና ደንብ አገሮች አስጊ የጤና ክስተት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አሳውቁ ያለው፣ ሌሎቹም ያለ በቂ ምክንያት መንገድ አትዝጉ ያለው። ሁለቱ ካልተያያዙ አንዱም አይሠራም።

እኛም ደንባችንን እንዲሁ አድርገነዋል። በማቆያው በረት አንድ በግ ከታመመ በዚያው ቀን ቀብድ ለከፈላችሁ ሁሉ እንደውላለን። መጠበቅ ለማይፈልግ ገንዘቡን ሙሉ እንመልሳለን። የእናንተ መንጋ ከታመመ ደግሞ ቶሎ ንገሩን፣ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ንገሩ። ተራችሁ አይሰረዝም፣ ስማችሁንም ለሌላ ደንበኛ አንናገርም። እኛ ጋ የተገዛ በግ ሲሆን ደግሞ የምርመራውን ወጪ እንሸፍናለን። አዲስ በግ ቤታችሁ ሲገባም ቢያንስ ከነባሩ ለይታችሁ እሰሩት። የተለየ በረት ባይኖር የጓሮ ጥግና የራሱ የውኃ ዕቃ ይበቃል።

አሁን በማቆያ ያሉት አውራዎች የገቡት ጥቅምት 15 ነው። 21 ቀናቸው ኅዳር 5 ይሞላል፣ ከኅዳር 6 ጠዋት ጀምሮ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ስትመጡ ገመድ ይዛችሁ ኑ፣ የገበያ ጫማችሁንም ጆንያው ላይ መርገጥ አትርሱ።

አክባሪዎቻችሁ፣
የእርባታው ባለቤቶችና ሠራተኞች
ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 17