ስለ ወርቁ ጻፋችሁ፣ ስለ ስልኩም ጻፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእስያን የ1997 የገንዘብ ቀውስ ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።) ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ቅር የሚለኝ ሁሌ ያው የወርቁ ታሪክ ብቻ መሆኑ ነው። ደቡብ ኮሪያውያን የአገራቸውን ዕዳ ለመክፈል በ1998 መጀመሪያ ላይ ተሰልፈው የጋብቻ ቀለበታቸውን፣ ለልጆቻቸው የመጀመሪያ ልደት የተሰጠውን ቀለበት ሳይቀር አስረከቡ። ወደ 227 ቶን ወርቅ ተሰበሰበ። ልብ ይነካል፣ እኔም ባነበብኩት ቁጥር ይነካኛል። ግን የወርቁ ዋጋ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) እና ሌሎች አበዳሪዎች ለኮሪያ ያዘጋጁት ገንዘብ ደግሞ ከ55 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። አገሪቱን ያወጣት ወርቁ ነው ብሎ ማቆም ለአንባቢ ግማሹን መንገር ነው።

እኔ የምሠራው ቴሌኮም ዘርፍ ውስጥ ነው። በዚያ ቀውስ የስልክ ኩባንያዎች የደረሰባቸው ነገር ከወርቁ ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል ብዬ አምናለሁ።

ቀውሱ የፈነዳው ታይላንድ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ቴሌኮምኤዥያ የሚባል የግል ኩባንያ ባንኮክና አካባቢዋ ላይ 2.6 ሚሊዮን የስልክ መስመር የመዘርጋት ውል ነበረው። ክፍለ ሀገሩን የያዘው ቲቲ ኤንድ ቲ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን መስመር ነበረበት። ውሉ እንዲህ ነው። መስመሩን በራስህ ገንዘብ ትዘረጋለህ፣ ንብረቱን ለመንግሥት የስልክ ድርጅት ታስረክባለህ፣ ከዚያ ለዓመታት ከገቢው ድርሻህን እየወሰድክ ትሠራለህ። ደንበኛው የሚከፍለው በታይላንድ ገንዘብ በባህት ነው። ለዕቃውና ለግንባታው የተወሰደው ብድር ግን በብዛት በዶላር ነበር። አንድ ዶላር ለዓመታት 25 ባህት አካባቢ ስለቆየ፣ የዶላር ብድር ወለድም ከአገር ውስጡ ስለሚያንስ፣ ነገሩ አዋጭ መሰለ።

ጁላይ 2 ቀን 1997 የባህት ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በጃንዋሪ 1998 አንድ ዶላር ከ50 ባህት በላይ ገባ። እስቲ አስቡት። አንድም ደንበኛ አልሄደም እንበል። ሰው ይደውላል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ ሠራተኛው በሰዓቱ ይገባል። የዶላር ዕዳው ግን በባህት ሲሰላ በስድስት ወር ውስጥ በእጥፍ አድጓል። ታሪፍ ጨምሮ እንዳያካክስ፣ ታሪፉን የሚወስነው እሱ ብቻ አይደለም። የተዘረጋውን መስመር ሸጦ ዕዳ እንዳይከፍል፣ ንብረቱን አስረክቧል። የቴሌኮምኤዥያ የዕዳ ድርድር ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ካበደሩት አንዱ የሆነው የጀርመኑ የመንግሥት ባንክ ኬኤፍደብልዩ ራሱ ባለድርሻ ሆኖ ገባ። ኩባንያው በኋላ ስሙን ወደ ትሩ ቀይሯል።

ኢንዶኔዥያ ደግሞ ባሰባት። ከቀውሱ በፊት 2,400 ሩፒያ አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በ1998 አጋማሽ ከ15,000 አለፈ። ከውጭ ባለሀብቶች ጋር የተፈረሙት የመስመር ዝርጋታ ውሎች ተከለሱ፣ ሊዘረጋ የታሰበውም መስመር ተቀነሰ።

ኮሪያም ቀላል ጊዜ አላሳለፈችም። ትልልቅ ኩባንያዎች ወደቁ፣ በ1999 መጀመሪያ ላይ ሥራ አጥነት ከ8 በመቶ አለፈ። ግን አንድ ነገር ነበራት። የስልክ ማዞሪያ ጣቢያዋን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የራሷ መሐንዲሶች ሠርተውት አገልግሎት ላይ ነበር። በ1996 የጀመረችው፣ ሲዲኤምኤ የሚባለው የሞባይል ቴክኖሎጂ ቀፎም አገር ውስጥ ይመረት ነበር። የቴክኖሎጂው ባለቤት ለሆነው የአሜሪካ ኩባንያ ለኳልኮም የምትከፍለው ክፍያ ባይቀርም፣ ለዕቃው ሁሉ ዶላር ፍለጋ አትሮጥም። ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ላይ ነው፣ ከወርቁ ሰልፍ ብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ሥራ።

ከዚያ ቀውሱ መሃል ላይ ኢንተርኔት ዘረጉ። በ1998 ስሩኔት የተባለው ኩባንያ በኬብል፣ በኤፕሪል 1999 ደግሞ ሃናሮ የተባለው በስልክ ሽቦ ላይ ኤዲኤስኤል በሚባል ዘዴ ጀመሩ። ክፍያው በወር ቁርጥ ነው፣ ደቂቃ አይቆጥርም። ኮሪያ ቴሌኮምም ገበያው እንዳያመልጠው ተከተለ። ሕዝቡ አፓርታማ ውስጥ ተጠጋግቶ ስለሚኖር ሕንፃው ድረስ የደረሰ መስመር ብዙ ቤት ያዳርሳል። መንግሥት ሕንፃዎችን በኢንተርኔት መስመራቸው ደረጃ እየሰጠ ምልክት እንዲለጠፍባቸው አደረገ። ቤት ፈላጊው ያንን ስለሚያይ አልሚዎቹ ኬብሉን ከግንባታው ጋር ማስገባት ጀመሩ። ይህን ዘዴ በጣም ነው የምወደው። ለቤት እመቤቶች በቅናሽ የኢንተርኔት ሥልጠና ተከፈተ። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ደግሞ በፖስታ ቤት ቁጠባ በኩል በየወሩ እየከፈለ እንዲገዛ ተመቻቸለት። ከሥራ ከተቀነሱት መካከል ብዙዎች በካሳቸው ፒሲ ባንግ የሚባሉትን የኢንተርኔትና የጌም ቤቶች ከፈቱ። በኖቬምበር 2002 የፈጣን ኢንተርኔት ደንበኛ 10 ሚሊዮን ደረሰ።

ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። በ1999 በአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ናስዳቅ ላይ የተመዘገበው ስሩኔት በ2003 ዕዳው ከብዶት ፍርድ ቤት ጥበቃ ስር ገባ። ሃናሮም በዚያው ዓመት በውጭ ባለሀብቶች ገንዘብ ነው የተረፈው። መስመሩ ግን ከነተጠቃሚው ቀረ፣ ሕዝቡም መጠቀሙን አላቆመም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጁላይ 29 ቀን 2024 በእኛም አገር ብር ስለተለቀቀ ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ከጀመረ ያኔ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። የኬንያው እናት ኩባንያ የብር መዳከም ሒሳቡን እንደጎዳው በይፋ ተናግሯል። የእኛም የኔትወርክ ዕቃ በብዛት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ደንበኛውም የሚከፍለው በብር ነው። ባንኮክ ላይ የሆነው የሩቅ ወሬ አይደለም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ቴሌኮም ላይ ዜና ስትሠሩ ስንት ደንበኛ ተመዘገበ፣ ስንት ማማ ተተከለ ላይ አትቁሙ። ዕዳው በዶላር ነው በብር? ምንዛሪው ሲናጋ ጉዳቱን ማን ይሸከማል፣ ኩባንያው፣ መንግሥት ወይስ ካርድ የሚሞላው ሰው? ከሚገባው ዕቃ ውስጥ እዚህ ሊሠራ የሚችለው የትኛው ነው፣ ማንስ ጀምሮታል? የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ለማግኘት የኩባንያዎቹን የሒሳብ ሪፖርት ማብራሪያ ገጾች ማየት ነው። ከምንዛሪ ስጋት ጀምሩ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ