«ቀጣይ ታሪክ» ብላችሁ ስላከራያችሁኝ ፊልም

ለኦንላይን ፊልም ማከራያው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ «ፔኒንሱላ»ን ከእናንተ ተከራይቼ ከቤተሰቤ ጋር አየሁ። የተከራየሁት ገጻችሁ ላይ «የትሬይን ቱ ቡሳን ቀጣይ ታሪክ» ስለሚል ብቻ ነው። ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን የኮሪያ ፊልም «ትሬይን ቱ ቡሳን»ን ያየ ሰው ምን እንደሚጠብቅ አታጡትም። ከሴኡል ወደ ቡሳን የሚበር ባቡር። ከሥራው ሌላ የማያውቅ አባትና ትንሽ ልጁ። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ የተሳፈረ ግዙፍ ሰውዬ። መሸሻ የለም፤ ዞምቢው፣ ማለትም ሰው የሚናከሰው በድን፣ ከመስታወት በሩ ወዲያ ነው ያለው። ዞምቢዎቹ ጨለማ ውስጥ ማየት አይችሉም። ስለዚህ ባቡሩ ዋሻ ሲገባ ሰዎቹ የሻንጣ መደርደሪያው ላይ ወጥተው ከዞምቢዎቹ ራስ በላይ ይድሃሉ። እኛ ቤት ያኔ ትንፋሽ የሚባል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ተከታይ፣ «ፔኒንሱላ»፣ ግን ምኑን ነው የሚቀጥለው? ከባቡሩ የተረፉት ልጅቷና ነፍሰ ጡሯ ጭራሽ የሉም። በምትካቸው ሆንግ ኮንግ ተሰድዶ አራት ዓመት የቆየ የቀድሞ ወታደር እናገኛለን። ወደ ኮሪያ የሚመለሰው 20 ሚሊዮን ዶላር የጫነ መኪና ሊያመጣ ነው። የዘረፋ ፊልም እኮ ነው!

ከዚያ በኋላ ያለው የመኪና ሩጫ ነው። የኮምፒውተር ሥራ መሆኑ ደግሞ ያስታውቃል፤ መኪኖቹ እንደ ጌም መኪና ክብደት የላቸውም። ዞምቢዎቹ ጎማ ሥር በጅምላ ይደፈጠጣሉ። ማን ይፈራቸዋል? የሚያናድደው፣ ሁለቱንም የሠራው ያው ዳይሬክተር፣ ዮን ሳንግ ሆ፣ መሆኑ ነው።

መጨረሻውማ አይወራ። ወታደሩ ኮሪያ ውስጥ የሚያገኛት እናት መኪና ውስጥ በዞምቢዎች ተከባ ጡሩንባ ትነፋለች፣ ሽጉጥ ታነሳለች፣ ልጆቿ ይጮሃሉ። ሁሉም በዝግታ። ሙዚቃው ደግሞ «አልቅሱ እንጂ!» እያለ ይጎተጉታል። የመጀመሪያው ፊልም ላይ አባትየው ከባቡሩ ሲወድቅ ያየነው ጥላውን ብቻ ነው። እሱ ነው ያስለቀሰን።

እውነት ለመናገር የ«ፔኒንሱላ» መግቢያ ላይ ከኮሪያ የሚሸሹበት የመርከቡ ክፍል ጥሩ ነው። የወታደሩ እህት ልጇን ትታ አልወጣም ብላ ስትቀር ልብ ይነካል። መብራት በሚያበራ መጫወቻ መኪና ዞምቢዎቹን የምታታልለዋንም ሕፃን ወድጃታለሁ። ፊልሙ ስለነሱ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ፊልሙን እናንተ እንዳልሠራችሁት አውቃለሁ። ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ የጻፋችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «ቀጣይ ታሪክ» የሚለውን አንሱና «በዚያው ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ሌላ ታሪክ፤ የመኪና ሩጫ የበዛበት» ብላችሁ አስተካክሉት። ሰው አውቆ ይከራይ። የኪራዩን ገንዘብ ወደ ሂሳቤ መልሱልኝ፤ ካልሆነም ሌላ ፊልም የማይበት ክሬዲት ስጡኝ። «የጣዕም ጉዳይ ነው» የሚል አውቶማቲክ መልስ ግን አደራ እንዳትልኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቆየ ደንበኛችሁ