የፒንክ ፍሎይድ አልበሞች ሲመዘኑ የኪቦርዱ ሰው የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከእንግሊዙ ሮክ ባንድ ከፒንክ ፍሎይድ አልበሞች የትኛው ይበልጣል በሚል በዚህ ገጽ የተከፈተውን ሙግት ከደሴ ሆኜ ስከታተል ቆይቻለሁ። አንዱ አንባቢ «ዘ ዎል»ን፣ ሌላው «አኒማልስ»ን፣ የሚበዙት ደግሞ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»ን ያስቀድማሉ። በምርጫ መለያየታቸው ደግ ነው። ቅር ያሰኘኝ ማስረጃቸው አንድ መሆኑ ነው፤ ሁሉም የሚቆጥሩት የዴቪድ ጊልሞርን የጊታር ሶሎ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ የሪቻርድ ራይት ስም በአንዱም ደብዳቤ አልተነሣም። እኔ ግን የዚህ ባንድ አልበም ከፍና ዝቅ የሚለው ራይት በውስጡ ባለው ድርሻ ልክ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ሚዛን ደረጃው ይለወጣል። (ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጊታሩ ለምን እንዲህ እንደሚይዘን ላስቀድም። ወሎ ላደገ ጆሮ ምክንያቱ ቅርብ ነው። ጊልሞር አብዛኛውን ሶሎ የሚጫወትበት፣ ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል፣ እኛ ባቲ ማይነር ከምንለው ቅኝት ጋር በድምፆቹ አንድ ነው። ከጂ ቢነሣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ እና ኤፍ ይሆናል። ክራር ያለው ሰው አምስቱን ክሮች በእነዚህ ድምፆች ይቃኝ፤ ስድስተኛውን ክር ከመጀመሪያው ጂ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያድርገው። ከዚያ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» የተባለው አልበም የሚጀምርበትን «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ»ን ይክፈት። ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሚገባውን ጊታር በክራሩ በአብዛኛው እግር በእግር ሊከተለው ይችላል። የ«መኒ» ሶሎና የ«ኮምፈርተብሊ ነም» ሁለተኛው ሶሎም አብዛኛው ክፍላቸው ያው ባቲ ማይነር ነው፤ መነሻው ብቻ ቢ ይሆናል። እንግዲህ ሰዎቻችን ስለ ጊታሩ ሲጽፉ የሚያደንቁት በልጅነት የለመዱትን ድምፅ ነው። አድናቆቱ ትክክል ነው። ግን የባንዱን ግማሽ ሥራ ይጋርዳል።

ክራሩ እንደተቃኘ በዚያው ዘፈን አራተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል የሚመጡትን አራት የጊታር ድምፆች ያዳምጡ፤ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኢ። ሦስቱ ክራሩ ላይ አሉ። ኢ የለችም። ዜማው ተንጠልጥሎ የሚቀረው በዚህች ከቅኝቱ በወጣች ድምፅ ነው። የባንዱን ቤዝ ተጫዋችና ግጥም ጸሐፊ ሮጀር ዋተርስን፣ የቀድሞውን የባንዱን መሪ ሲድ ባሬትን አስታውሳ ግጥሙን ያስጻፈችውም ይህችው የአራት ድምፅ ሐረግ ናት። ጊልሞር ራሱ ከፍ ያለ ቦታ የደረሰው ባቲን ለቆ አንድ እርምጃ ሲወጣ ነው።

ከባቲ ውጪ ያለው ሰፊ ሜዳ ግን የራይት ነው። «አስ ኤንድ ዘም»ን ውሰዱ። ሙዚቃው የራይት ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው በ1969 ለጣሊያናዊው ዳይሬክተር ለአንቶኒዮኒ ፊልም ሆኖ ዳይሬክተሩ ሳይቀበለው ቀረና ለ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ደረሰ። ቤዙ ዲ ላይ ቆሞ አይነቃነቅም፤ በላዩ ላይ ኦርጋኑ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) ይቀያይራል። ሦስተኛው ኮርድ ዲ ማይነር ሆኖ ሲ ሻርፕ ይጨመርበታል። ኤፍ እና ሲ ሻርፕ አብረው ሲሰሙ በባቲ ማይነር የማናገኘው ቀለም ይወጣል፤ በዚያው አልበም ባለው በ«ብሪዝ» ውስጥ ራይት ከማይልስ ዴቪስ ጃዝ እንደወሰደው የተናገረለት ኮርድም የዚሁ ዘመድ ነው። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ»ም መሠረቱ የእሱ ፒያኖ ነው። ዘፋኟ ክሌር ቶሪ ያለ ግጥም በድምፅዋ ብቻ የተጫወተችው በዚያ ፒያኖ ኮርዶች ላይ ነው። ለዚያ ቀን ሥራ የተከፈላት 30 ፓውንድ ሲሆን፣ በ2005 ከፍርድ ቤት ውጪ በተደረገ ስምምነት ከራይት ጋር ደራሲ ሆና ተመዝግባለች። የራይት ዜማ በባቲ ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ መነሻና መድረሻው የጠፋ ይመስላል። ደጋግሞ መስማት ይጠይቃል።

ጆሯችን ብቻ ግን አይደለም ተጠያቂው። ብዙዎቻችን ይህን ባንድ ያወቅነው ከቅጂ በተቀዳ ካሴት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ በሚዞር ፋይል። ሁለቱም አስቀድመው የሚበሉት የራይትን ድርሻ ነው። ጊታሪስት ክሩን እየሳበና እያርገበገበ ስለሚጫወት የቴፑ ፍጥነት ትንሽ ቢዋዥቅ አይታወቅም። ለረጅም ጊዜ የተያዘ የፒያኖ ወይም የኦርጋን ድምፅ ግን ካሴቱ ከተመደበለት ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ4.76 ሳንቲ ሜትር፣ ዝንፍ ባለ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ሰሚው «ኪቦርዱ ደስ አይልም» ይላል። ጥፋቱ ግን የካሴቱን ክር የምትስበው ትንሽ ጎማ መቆሸሽ ወይም የሞተሩ ላስቲክ መላላት ነው። ጎማዋንና የምትጫነውን ቀጭን የብረት ዘንግ አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ፣ እስኪደርቅም መጠበቅ ነው። አሁንም ከተንቀጠቀጠ ላስቲኩ ይለወጥ። ያለ ዶልቢ (የካሴት ሹሹታ መቀነሻ) የተቀዳን ካሴት ዶልቢ ከፍቶ ማጫወት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል፤ በዶልቢ የተቀዳውን ያለ ዶልቢ ማጫወት በተቃራኒው ያሾለዋል። ቅጂ ከቅጂ በተቀዳ ቁጥር የካሴቱ ሹሹታ ይደራረባል፤ በሹሹታው የሚዋጠው ዝቅ ብሎ የሚጫወተው ነው። ጊታሩማ ጮኾ ያልፋል።

የካሴቱ ርዝመትም ፈርዷል። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ወደ 43 ደቂቃ ስለሆነ በባለ 90 ካሴት አንድ ሳይድ ሙሉውን ይገባል። በባለ 60 ካሴት በተከታታይ ከተቀዳ ግን ሳይድ ኤ የሚያልቀው 30 ደቂቃ ላይ፣ በትክክል በ«አስ ኤንድ ዘም» መሐል ነው። የአልበሙን ምርጥ ቦታ ተቆርጦ የሰማ ሰው «መኒ»ን ቢያስቀድም አይፈረድበትም። በባለ 60 መቅዳት የግድ ከሆነ በፋብሪካው ሸክላ እንደተከፈለው ከ«ዘ ግሬት ጊግ» በኋላ ካሴቱን ገልብጦ ሳይድ ቢን በ«መኒ» መጀመር ነው። ሁለቱም ይበቃሉ።

በስልክ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ማጫወቻው ዘፈኖቹን በራሱ የሚያቀያይርበትን ያጥፋ። ኤምፒ3 በየፋይሉ ጫፍ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር ያለ ዕረፍት የሚያያዙት «አስ ኤንድ ዘም» እና «ኤኒ ከለር ዩ ላይክ» መገጣጠሚያቸው ላይ ይቆረጣሉ። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ሳይድ አንድ ፋይል አድርጎ መቅዳት ነው። በ320 ኪሎ ቢት ሙሉ አልበሙ ወደ 103 ሜጋ ባይት ይይዛል፤ በ128 ደግሞ ወደ 41። ልዩነቱ ለሚሞሪ ትንሽ፣ ለኦርጋንና ለጸናጽል ብዙ ነው። ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ብሉቱዝ ስፒከር ግራና ቀኙን ስለሚቀላቅል ለዚህ ሙዚቃ አይመከርም። ርካሽም ቢሆን ባለ ገመድ ማዳመጫ ይሻላል። በነገራችን ላይ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» የሚለው ዘፈን ሲጀምር ጊታሩ ቀጥኖና ርቆ የሚሰማው ከአሮጌ ሬዲዮ የሚወጣ እንዲመስል ሆን ተብሎ ስለተሠራ ነው፤ የቴፑን ብሎን የምትነካኩ ተዉት።

አሁን ወደ ደረጃው። «ዊሽ ዩ ወር ሂር» (1975) አንደኛ ነው። ከ«ሻይን ኦን» በታች ያለው ረጅም የጂ ማይነር ሲንተሳይዘር የራይት ነው፤ ድምፃዊው የሚገባው ከ8 ደቂቃ በኋላ ቢሆንም አንድም ሰከንድ ባዶ አይደለም። የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ክፍል ደግሞ ሙሉ በሙሉ የራይት ድርሰት ነው። በማይነር የከረመው ሁሉ መጨረሻው ላይ ወደ ጂ ሜጀር ይፈታል። ከዚያ በፊት የባሬትን የድሮ ዜማ በቁንጽል ጣል ያደርጋል። ሁለተኛ «ዘ ዳርክ ሳይድ»፤ ስለ እሱ በቂ ብያለሁ።

ሦስተኛ «ሜድል» (1971)፣ ያውም ስለ ሳይድ ቢ ብቻ። «ኤኮስ» 23 ደቂቃ ከግማሽ ነው፤ የሚከፈተውም በሌስሊ፣ ማለትም በሚሽከረከር ስፒከር፣ ውስጥ ባለፈ አንድ የራይት የፒያኖ ድምፅ ነው። መሐሉ ላይ የሚሰማው የወፍ ጩኸት የመሰለ ነገር የጊልሞር ጊታር ሲሆን፣ የመጣው ዋዋ የሚባለው የጊታር ድምፅ መለዋወጫ ፔዳል ገመዶች ተገልብጠው ጊታሩ በመውጫው፣ አምፕሊፋየሩ በመግቢያው ስለተሰካ ነው። ጊታሪስቶች ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ጩኸቱ የሚወፍረውና የሚቀጥነው በጊታሩ የቶን ቁልፍ ነው። ሳይድ ኤ ላይ ግን ደካማ ዘፈኖች አሉ፤ አልበሙን ወደ ሦስተኛ ያወረዱት እነሱ ናቸው።

«አኒማልስ» (1977) አራተኛ ይሆናል። የዋተርስን ግጥም አላቃልልም፤ ምናልባት ከሁሉ የጠነከረው ይህ ነው። ግን የራይት ስም በደራሲነት የሌለበት የመጀመሪያው የባንዱ አልበም ነው። ጉድለቱም ይሰማል፤ 17 ደቂቃ የሚሆነው «ዶግስ» መሐሉ ላይ ይንዛዛል። የ«ሺፕ»ን መግቢያ ስሙ፤ ያ የሚያምር የኤሌክትሪክ ፒያኖ የራይት ነው፤ ዘፈኑ የተመዘገበው ግን በዋተርስ ስም ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

«ዘ ዎል» (1979) አምስተኛ ነው፤ ብዙዎች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ራይት በቀረጻው ወቅት ከባንዱ እንዲወጣ ተደረገ፤ በኮንሰርቶቹም እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ እየተከፈለው ተጫወተ። ኮንሰርቶቹ ሲከስሩ ኪሳራው የወደቀው በቀሩት ሦስት አባላት ላይ ነበር። በ«ኮምፈርተብሊ ነም» ላይ የእሱን ቦታ የያዘው ማይክል ኬመን ያዘጋጀው ኦርኬስትራ ነው። ያማረ ነው፤ ሶሎውም እንባ ያመጣል። ነገር ግን ሁለት ሸክላ ሙሉ 81 ደቂቃ በአንድ ሶሎ አይቆምም። በ1983ቱ «ዘ ፋይናል ከት» ራይት ጭራሽ የለም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ነው። በ1994 «ዘ ዲቪዥን ቤል» ላይ ተመልሶ «ዌሪንግ ዘ ኢንሳይድ አውት»ን በራሱ ድምፅ ሲዘፍን የሚሰማው ሙቀት የጎደለው ምን እንደነበር ያሳያል።

ሙግቱን ለምትቀጥሉ አንባቢያን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ስትጽፉ አልበሙን በካሴት፣ በሸክላ ወይም በፋይል፣ ሙሉ ሳይዱን ወይስ ተቆርጦ እንደሰማችሁ አብራችሁ ግለጹ። ዝግጅት ክፍሉም ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ ዜማውን ማን እንደሠራው ቢያሰፍርልን አመሰግናለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ የሙዚቃ አድማጭ፣ ከደሴ