የታክሲ ሹፌሩስ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ስለ ኒውዮርክ የተጻፉ ልብወለዶችን አንስታችሁ ነበር። ደስ ብሎኝ አነበብኩት፣ ግን ምስጋናውን ትንሽ አበዛችሁት።

የዶን ዴሊሎን «ፎሊንግ ማን» (2007) እኔም አንብቤዋለሁ። ሰውየው አመድ ለብሶ፣ የሌላ ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ ከተመታው ሕንፃ ሲወጣ ልብ ይሰቅላል፣ አይካድም። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ነገር ቤት ውስጥ ነው። ተለያይተው የነበሩት ባልና ሚስት ጥቂት ያወራሉ፣ ብዙ ዝም ይላሉ፣ ኋላ እሱ ቁማር ላይ ይጣዳል። ሚስትየዋ የመርሳት በሽታ የጀመራቸውን ሰዎች የምታስጽፍበት ክፍል ባይኖር ኖሮ መሀል ላይ እተወው ነበር። ሊፍት የሚጠግነው፣ ጠዋት ቡና የሚሸጠው፣ ታክሲ የሚነዳው ሰው ያን ሰሞን እንዴት ከረመ?

የጆሴፍ ኦኒል «ኔዘርላንድ» (2008) ይሻላል። ባለታሪኩ ደህና ደመወዝ ያለው ሆላንዳዊ የባንክ ሰው ነው፣ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ለንደን ስትገባበት ግን ከትሪኒዳድ፣ ከሕንድና ከፓኪስታን ከመጡ ስደተኞች ጋር እዚያው ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ሄዶ ክሪኬት የሚባለውን የዱላና የኳስ ጨዋታ ይጫወታል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲንገላታ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ያችን መስኮት የማያውቅ ስደተኛ የለማ!

እኔ በዚያ ጊዜ እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ እነዳ ነበር። ቀኑ በእኛ መስከረም 1 ቀን 1994፣ እንቁጣጣሽ። ለበዓል ዶሮ ተሠርቶ ቤት እየጠበቀኝ ፔንታጎን ተመታ። ማታ ቤት ስገባ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል፣ ወጡን የነካው የለም። የዋሽንግተኑ ሬገን ኤርፖርት ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ኦክቶበር 4 አልተከፈተም፣ እንጀራችን ደግሞ እሱ ነበር። ከተከፈተም በኋላ ተሳፋሪው መጀመሪያ ስምህን ያነብባል፣ ከዚያ «ከየት ነህ?» ይላል። የእኔ የክርስቲያን ስም ስለሆነ ቶሎ ይተወኛል። ሙስሊሙ ወዳጄ ግን የስሙን ካርድ በፀሐይ መከላከያው ይጋርደው ነበር፣ ቅጣት እንዳለው እያወቀ።

እንዲህ ያለውን በአማርኛ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ካለ ርዕሱን አትሙልኝ፣ ገዝቼ ለዚያ ወዳጄም አውሰዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ